ከሴቻ የሚመለሰው ሞኒተር

ሞኒተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ።

ልክነሽ በሱቁ መስኮት በኩል፣ ከጫኖ ለመጣ ገበሬ ቻርጅ ስታደርግለት የዋለችውን ስልክ እየመለሰችለት ነበር። ባጃጁ በሩ ላይ ሲቆም ቀና አለች። ከኋላ ወንበር ላይ ባሏ ክንፉ ሞኒተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ አቅፎ፣ እንዴት እንደሚወርድ ጨንቆት ተቀምጧል። የታችኛው ሰፈር የሲቀላ ሙቀት የሚበረታበት ሰዓት ስለነበር ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የሥራ ጋዋኑን አውልቆ ሞኒተሩን አልብሶታል፤ አቧራ እንዳይገባበት።

ሹፌሩ ሸዋንዳኝ ወርዶ በአንድ ጎን ያዘለት።

“ልክነሽ፣ ይሄ ነገር እኮ የሴቻን ዳገት ከኔ በላይ አወቀው” አለ። “መንጃ ፈቃድ ይውጣለት። ባልሽን ደግሞ እንዲህ ታቅፎ ያየው ሰው ልጁን ሊያስከትብ የሚሄድ ነው የሚመስለው።”

ልክነሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። ስድስት ዓመት በትዳር ኖረው ልጅ ላልወለዱ ሰዎች እንዲህ ያለ ቀልድ ደስ አይልም፤ ሸዋንዳኝም ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የገባው። ሌላ ተሳፋሪ እንደጠራው ሁሉ ቶሎ ብሎ ሞተሩን አስነሳና ሄደ።

“አሁን ደግሞ ምን ሆነ አለች?” አለች ልክነሽ።

“ምስሉ ይጠፋል አለች።”

“ባለፈው ድምፁ ነበር።”

“ባለፈው ድምፁ ነበር፤ አሁን ምስሉ ነው” አለ ክንፉ፣ ጋዋኑን ከሞኒተሩ ላይ ገፍፎ እየለበሰ።

መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ገመዶቹን ሰካካ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ጀርባቸው ያበጠውን አሮጌ የኮምፒዩተር ሞኒተሮች በጨረታ እየሸጡ በስስ ስክሪን ይተኩ ነበር። ክንፉ ከነዚያ ሞኒተሮች እንጀራ አገኘ። መዳፍ የምታክል ቲቪ ቦክስ በዲሽ ሪሲቨሩና በሞኒተሩ መሀል ትገባለች፤ ሞኒተር ድምፅ ስለሌለው ሁለት ትንንሽ ስፒከር ይጨመርለታል፤ በቃ፣ ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥን መግዛት ያልቻለ ሰው ሁሉ ወደ ክንፉ ይመጣል። ከሱቁ በር በላይ በቀይ ቀለም “ሞኒተር ወደ ቲቪ እንቀይራለን” ብሎ የጻፈው ራሱ ነው።

የሴቻው ሞኒተር በራ። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ዜና አንባቢው ሰማያዊ ከረባቱን አስተካክሎ ይናገራል፤ ድምፁም አልተቆራረጠም። ክንፉ በጎን መታ መታ አደረገው፤ ገመዱን ነቅነቅ አደረገ፤ አጥፍቶ መልሶ አበራው። ከመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ማየት ጀመሩ።

“ምንም የለውም” አለ።

“መጀመሪያም ምንም አልነበረውም” አለች ልክነሽ።

ክንፉ እርጥብ ጥጥ አንስቶ መስተዋቱን መጥረግ ጀመረ። ባለፈው ሳምንትም ጠርጎት ነበር።

ሰዎች ስለ ቅናት ሲያወሩ እሳት ነው ይላሉ። ለልክነሽ ግን ሥራ ሆኖባት ነበር። ጠዋት ከሱቁ ጋር ይከፈታል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ማታም ቤት ድረስ ይከተላታል። ሌላው ሰው የማያየውን ማየት፣ ሌላው የሚረሳውን መያዝ ነው ሥራው። ክንፉ ያቺን ሴት መጀመሪያ “እርስዎ” ይላት እንደነበርና አሁን “አንቺ” እንደሚላት ልክነሽ ይዛለች። ቲቪ ቦክሱን ሊገዛ ዕቃ አቅራቢው ሳሊሕ ሱቅ ራሱ ሄዶ ሦስቱን አስከፍቶ እንደመረጠ፣ ለሌላው ደንበኛ ግን በስልክ “አንድ ላክልኝ” እንደሚል ይዛለች።

ሴትየዋ ብሩክታዊት ትባላለች፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት። ሞኒተሩን ይዛ የመጣች ቀን “የባለቤቴ ነው” ነው ያለችው፤ “ነበር” አላለችም። ባለቤቷ ሀብተጊዮርጊስ ከአንድ ዓመት ትንሽ በፊት እንደሞተ ልክነሽ የሰማችው በኋላ ከሸዋንዳኝ ነው። ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ተጥሏል፤ ሞኒተሩ ብቻ ቀርቷል። ያን ቀን ልክነሽ ሴትየዋን ከእግር እስከ ራሷ አይታት ነበር። ጫማዋ ጥቁር ነው፣ ቦርሳዋ ጥቁር ነው፣ ቀሚሷ ግን አዲስ ሰማያዊ ነበር። ጥቁሯን ያወለቀችው በቅርቡ ነው ማለት ነው። ጥቁር ያወለቀች ሴት ወዴት እንደምታይ አይታወቅም፣ ብላ ነበር ልክነሽ በልቧ።

በሞኒተሩ ጎን አንዲት ወረቀት ኮከብ ተለጥፋለች። ብሩክታዊት “ልጄ የለጠፈቻት ናትና እንዳትነሳ” ብላ አደራ ብላለች። ክንፉ ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ በጥርስ ሳሙና ሲያጸዳ ኮከቧ ጋ ሲደርስ ጥጥ በክብሪት እንጨት ጠምጥሞ ዙሪያዋን ብቻ ነው የጠረገው። ልክነሽ በሌላኛው ወንበር ላይ ሆና ይህን ስታይ ቆየች። ለሷ እንዲህ ተጎንብሶ የሠራላት ዕቃ መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች።

በሱቁ ጥግ፣ ከተቃጠሉት ማራገቢያዎች በላይ ባለው መደርደሪያ፣ አንድ አነስ ያለ ሞኒተር ተቀምጧል። “ይሄ ያንቺ ነው” ብሏት ነበር። ከሱ በፊትም ሌላ ያንቺ ነው የተባለ ነበር፤ ከዚያም በፊት። ሁልጊዜ የሆነ አባት ልጆቹን አስከትሎ ይመጣና ክንፉ ይሸጥለታል። “ለልጆች ነው እኮ፤ እኛ እንደርሳለን” ይላታል። ትክክል ነው። በነሱ ቤት ቴሌቪዥን ብሎ የሚያለቅስ ልጅ የለም።

“እዛው ቤቷ ከፍተህ አታየውም?” አለች አሁን። “ለምን ታመላልሰዋለህ?”

“እዛ አልከፍትም።”

“ለምን?”

“የሐዘን ቤት ነው፣ ልክነሽ። ሰው ቤት ገብቼ ዘፈን ልልቀቅ?”

“የሐዘን ቤት ከሆነ ቴሌቪዥን ምን ይሠራላታል?”

ክንፉ ጥጡን አስቀመጠ። ጥያቄው እሱም ያላሰበው እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ለልክነሽ ግን የተያዘ ሰው ፊት መስሎ ታያት። እጁን ሊታጠብ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄደ።

ሞኒተሩን አጥፍቶ ገመዱን ነቅሎት ነበር። የገመዱ ጫፍ ወደሷ ዞሮ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። በውስጡ እንደ መርፌ የቀጠኑ ፒኖች በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። ከክንፉ አጠገብ ስትቀመጥ ብዙ ነገር ተምራለች፤ ከላይኛው ረድፍ ሦስተኛዋ ፒን ሰማያዊውን ቀለም እንደምታመጣ፣ እሷ ካልነካች ምስሉ በሙሉ ቢጫ እንደሚሆን ታውቃለች። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ገመዱን በኃይል ሰክቶ ያቺኑ ፒን አጥፏት መጥቶ ነበር።

ወረንጦውን አነሳች። ከቧንቧው የውሃ ድምፅ ይሰማል። ፒኗን ገፋ አደረገቻት። ቀላል ነበር፤ እንደ ሣር ነው የተኛችው። ወረንጦውን ወደ ቦታው መለሰች፤ የገመዱንም ጫፍ ገለበጠችው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ራሱ መንገድ አወጣ። ክንፉ ሲመለስ ስልኩ ጠራ፤ ከአንድ ፔንሲዮን ነበር፤ የእንግዶቹ ዲሽ ጠፍቷል፣ ቶሎ ድረስ አሉት። መሰላሉን እየፈለገ ሞኒተሩን ማታ እንደሚያደርስ ተናገረ።

“እኔ አደርሰዋለሁ” አለች ልክነሽ።

“ከባድ ነው።”

“ሸዋንዳኝ ያግዘኛል።”

ክንፉ መሰላሉን ይዞ ቆመ። አመነታ፤ ልክነሽም ማመንታቱን ያዘች።

“እሺ” አለ። “ግን እዛ እንዳትከፍቺው። አስቀምጠሽላት ነይ።”

ባጃጁ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት እያቃሰተ ወጣ። ሞኒተሩ ጭኗ ላይ ከብዷል፤ ከሙከራው የተረፈ ሙቀት በቀሚሷ በኩል ይሰማታል። ሸዋንዳኝ እንዳይቀልድ ተጠንቅቆ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ያወራ ነበር። በስተግራዋ የዓባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል። ልክነሽ አላየችውም፤ የምትናገረውን እያዘጋጀች ነበር። ሰክታ ታሳያታለች። ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ “የምስል ቱቦው ሞቷል፤ ሊሠራ አይችልም። ክንፉንም ከዚህ በኋላ አታድክሚው” ትላታለች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስት ጊዜ በልቧ ደገመችው። አጭርና ንጹሕ ነበር።

ብሩክታዊት የምትኖረው በአንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነው። በማንጎው ዛፍ ማዶ ሌላ ቤት አለ፤ ከዚያ የቴሌቪዥን ድምፅና የልጆች ሳቅ ይመጣል። ሸዋንዳኝ ሞኒተሩን እስከ በረንዳው አድርሶላት ተመለሰ።

“ክንፉ አልመጣም?” አለች ብሩክታዊት በሩን እንደከፈተች።

“ሥራ ይዞታል” አለች ልክነሽ። “እኔ አለሁ።”

ሴትየዋ ያን ሰማያዊ ቀሚስ ነው የለበሰችው። ተጋግዘው ሞኒተሩን አስገቡት። ግድግዳው ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከረባት ያሠረ፣ ሳቁን አፍኖ የያዘ የሚመስል ሰው ነው። ከሥሩ በዳንቴል የተሸፈነ ጠረጴዛ አለ፤ ሪሲቨሩ፣ ቲቪ ቦክሷና ስፒከሮቹ ሞኒተሩን እየጠበቁ ተደርድረውበታል። ሽቦዎቹን ክንፉ በክር አንድ ላይ አሥሯቸዋል። የሪሲቨሩ ላስቲክ ገና አልተገፈፈም። በጥጉ ወንበር ላይ አንድ ሬዲዮ አለ፤ ላዩ ላይ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ተደርጎበታል።

ብሩክታዊት ውሃና የተቆረጠ ማንጎ በሳህን አቀረበች። ልክነሽ ውሃውን ብቻ ወሰደች።

“ምስሉ እንዴት ነው የሚጠፋው?” አለች፣ ልክ እንደ ክንፉ ቆጠብ ብላ።

“ይጠፋል።”

“ይጠቁራል? መስመር ያወጣል? ወይስ ይንቀጠቀጣል?”

ብሩክታዊት ተማሪን ጥያቄ መጠየቅ የለመደች ሴት ናት። አሁን ግን እሷ ሳታጠና ክፍል እንደገባች ተማሪ ጠረጴዛውን ታያለች።

“አላየሁትም” አለች በመጨረሻ።

“ምኑን?”

“ከፍቼው አላውቅም፣ ልክነሽ።”

ልክነሽ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሳምንታት ሙሉ ስትፈልገው የነበረው ነገር ይኸው እጇ ገባ። ድምፁም አልጠፋም፣ ምስሉም አልጠፋም። ሴትየዋ በሐሰት ነው የምትጠራው።

“ታዲያ ባሌን ለምንድን ነው የምትጠሪው?” አለች። ክንፉን አላለችም፤ ባሌን አለች።

ብሩክታዊት አልተቆጣችም። ነገሩ ምን እንደሚመስል ገና አሁን የታያት ይመስል ነበር፤ ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ወደ ሬዲዮው ዞረ።

“እንዲከፍትልኝ ነበር” አለች።

ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ስለሌላ ሰው እንደምታወራ ሁሉ ተናገረች። ሙት ዓመቱ ሲወጣ የሀብተጊዮርጊስ ዘመዶች ከጫኖ መጥተው ነበር። ሴቶቹ ጥቁሯን አስወልቀው ይህን ቀሚስ አለበሷት። ሬዲዮውን ደግሞ የሟቹ ታላቅ ወንድም ተክለወልድ ሊከፍት ነበር የታሰበው። ግን ምሳው ዘገየ፤ የመጨረሻው መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ሁሉም እየተሯሯጠ ወጣ። “ልብሱን አስታወሱ፤ ሬዲዮውን ረሱት” አለች። ተክለወልድ ሲመለስ ይከፍተዋል ብላ ጠበቀች። የሙዝ ሥራ ይዞት ይሁን ረስቶት፣ አልመጣም። ደውላ ና ክፈትልኝ ልትለው አልቻለችም። የማዶዋ ጎረቤቷ ኸይሪያ ደግሞ ያን ቀን የተከፈተ መስሏታል፤ ተከፈተ ወይ ብሎ ብሩክታዊትን የጠየቃት የለም።

ለልክነሽ ይህን ነገር ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም ነበር። ደጋው ላይ ኦቾሎ መንደር ሲኖሩ ሸማኔው አባቷ ሲሞት፣ ሬዲዮኗ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለች ጨርቅ ተደርጎባት ከረመች። የእናቷ እጅ ስንት ጊዜ አጠገቧ አልፏል፤ አልነካቻትም። ባለሐዘን የራሱን ሐዘን አይዘጋም፤ ሰው ነው የሚዘጋለት። አንድ እሑድ አጎቷ መጣና ጨርቁን አንስቶ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ “ይበቃል” አለ። እናቷ ያን ጊዜ ነው ቁጭ ያለችው፤ ዓመት ሙሉ ቆማ እንደነበር ሁሉ።

ክንፉም የዚያው ደጋ ልጅ ነው። ስለዚህ ይህች ሴት ክንፉ ለመሞከር ይከፍተዋል ብላ ተበላሸ ትላለች፤ ክንፉ ደግሞ የሐዘን ቤት ውስጥ አልከፍትም ብሎ ታቅፎት ሲቀላ ይወርዳል። ሁለት ጨዋ ሰዎች እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሞኒተሩ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። ልክነሽ ልትስቅ ትንሽ ቀራት። አልሳቀችም።

“ለክንፉ አትነግሪውም ነበር?” አለች። “ክፈትልኝ ብትይው ምን ነበር?”

“ለምኜ ካስከፈትኩትማ ራሴ ከፈትኩት ማለት ነው።”

“ራስሽስ ብትከፍቺው? በርሽን ዘግተሽ፣ ማን ያይሻል?”

ብሩክታዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ አየቻት።

“አንቺ ብትሆኚ ትከፍቺዋለሽ?”

ልክነሽ ክንፉ የሞተበትን ቀን አሰበች። የክንፉ ጋዋን ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ታያት። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ወረንጦው፣ ጥጡ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያዳምጣት ያቺ የተጠገነች ሬዲዮ፤ የራሷም እጅ ወደ ቁልፉ ሄዶ ሳይደርስ ሲመለስ። ብርጭቆውን ደግማ አነሳች። ባዶ ነበር።

ከማዶው ቤት አንዲት ልጅ በረጅሙ ሳቀች። ብሩክታዊት ጆሮዋን ወደዚያ ጣል አደረገች።

“የኔዋ ናት፤ ኢያኤል” አለች። “ከትምህርት ቤት እንደመጣች ቦርሳዋን ትጥልና ኸይሪያ ቤት ናት። ሳቋን የምሰማው ከዚህ ሆኜ ነው። ማታ ተኝታ ከሰው ቤት አቅፌ አመጣታለሁ። ኸይሪያ ደግ ሴት ናት፤ ምንም ያደረገችኝ ነገር የለም። ግን አንዳንዴ ገና ድምፅዋን ስሰማ...” አልጨረሰችውም።

ልክነሽ ያን ያልተጨረሰውን ነገር ከማንም በላይ ታውቀው ነበር።

ተነሳች። የሪሲቨሩን ላስቲክ ገፈፈች፤ ሞኒተሩን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ገመዱን ሰካች። የታጠፈችው ፒን ትዝ ሳትላት ቀርታ አይደለም። ምናልባት ትንሽ ብትነካ ይበቃታል፣ ምናልባት አልታጠፈችም ይሆናል እያለች ነበር። እጇ ማብሪያው ላይ ሲያርፍ ከኋላዋ ብሩክታዊት ትንፋሿን ስትይዝ ሰማች። ተጫነችው።

ምስሉ ቢጫ ሆኖ መጣ። ዘፋኟ ቢጫ፣ ሰማዩ ቢጫ፣ ከኋላዋ ያለው ተራራ እንደ አሮጌ ጋዜጣ። ድምፁ ግን ሙሉ ነበር፤ ክፍሉን ሞላው።

ብሩክታዊት ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

“ቀለሙ እንዲህ ነው እንዴ?” አለች። ወዲያው ደግሞ፣ ሰው የደከመበትን ነገር ያጣጣለች እንዳይመስል፣ “ይሁን። ለኛ ምን ጎደለው። ኢያኤል ትለምደዋለች” አለች።

ልክነሽ ጀርባዋን ሰጥታት እንደቆመች ቀረች። ለዚህ ነበር የመጣችው፤ እንዲያውም ካሰበችው በላይ ነው የተሳካላት። ምንም ማለት አያስፈልጋትም። አሁን ወጥታ ብትሄድ ይህች ሴት ቢጫ ቴሌቪዥኗን እያመሰገነች ትኖራለች፤ ክንፉን ዳግመኛ አትጠራም። ተበላሸ ብላ የዋሸች ሴት እውነት ሲበላሽ አፍ የላትም። ኮከቧም በጎኑ እንደተለጠፈች ናት።

አጠፋችው። ገመዱን ነቀለችና ከፀጉሯ ላይ መያዣዋን አወጣች።

“ብርሃን ትይዢልኛለሽ?” አለች።

ብሩክታዊት የስልኳን መብራት አብርታ አጠገቧ ተንበረከከች። ሁለቱም ራሳቸውን ወደ ገመዱ ጫፍ አቀረቡ። ፒኗ ከነበረችበትም በላይ ተጨፍልቃ ነበር። አንድ ጊዜ የታጠፈች ፒን ስትቃና ልትሰበር ትችላለች፤ ከተሰበረች ያ ገመድ ለምንም አይሆንም፣ ይላል ክንፉ ሁልጊዜ። ልክነሽ የፀጉር መያዣዋን ጫፍ ከፒኗ ሥር አስገብታ፣ እስትንፋሷን ዋጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ አነሳቻት። ትንሽ። ደግሞ ትንሽ።

ብሩክታዊት በማይክሮስኮፕ የሠለጠነ ዓይን ነው ያላት። ሌሎቹ ፒኖች ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመው አንዷ ብቻ እንደተኛች አየች።

“ይቺ መቼ ታጠፈች?” አለች።

“ዛሬ” አለች ልክነሽ።

መብራቱ ለአፍታ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ትንሽ ወደ ፊት ቀረበ፤ ፒኗ ላይ በደንብ እንዲያርፍ። ማን አጠፋት አላለችም።

ልክነሽ ገመዱን መልሳ ሰካች፣ አበራችም። መጀመሪያ የመጣው ሰማዩ ነበር፤ ሰማያዊ ሆኖ። ዘፋኟ ሌላ ሰው ሆነች። ልክነሽ ወደ ጥጉ ሄዳ ከሬዲዮው ላይ ጨርቁን አንስታ አጣጠፈችው፤ የት እንደምታስቀምጠው ስላላወቀች ለብሩክታዊት ሰጠቻት።

“ይበቃል” አለች። አጎቷ እንዳለው ልትል ፈልጋ ነበር፤ ድምፅዋ ግን እንደሱ አልወፈረም።

ብሩክታዊት ጨርቁን ጭኗ ላይ ይዛ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አላየችም፤ የባሏን ፎቶግራፍም አላየችም። እጆቿን ነበር የምታየው። ልክነሽ መሄድም መቀመጥም ስላልቻለች ከሳህኑ አንድ ቁራጭ ማንጎ አንስታ በላች። ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛም አነሳች።

ዘፈኑ ሲያልቅ ብሩክታዊት ተነስታ በረንዳው ላይ ወጣችና ልጇን በስሟ ጠራች። ድምፅዋ ግቢውን አቋርጦ ሄደ። ማዶ ያለው ሳቅ ቆመ።

ልክነሽ ሱቅ ስትደርስ ክንፉ ከፔንሲዮኑ ተመልሶ መሰላሉን እያስገባ ነበር።

“ሞኒተሩን አደረስሽው?” አላት። መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሞኒተሩ ነው፤ ልክነሽ ይህንንም ያዘች።

“አደረስኩት።”

“አልከፈትሽውም አይደል?”

“ከፈትኩት።”

ክንፉ መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዞረ። ልክነሽ የተክለወልድን መርሳትና የሬዲዮውን ነገር በአጭሩ ነገረችው። እሱ እየሰማ ግንባሩን ያሽ ነበር። “እኔን ስትጠብቅ...” አለ።

“ፒንም ታጥፋ ነበር” አለች ልክነሽ። “አቃናኋት። ከዚህ በኋላ አይመለስም።”

“ፒን? ቀን ሳየው እኮ...” ክንፉ አቋረጠ። ቀን ያየውን ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወረንጦ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደሷ። ልክነሽ ዓይኗን አልሰበረችም። የሆነ ነገር ሊል ሲል በሩ ላይ ሰው ሰላም አለ።

ሰውየው የኩልፎ ወንዝ ዳር የአትክልት ሠራተኛ ይመስላል፤ ቦት ጫማው ላይ ጭቃ ደርቋል። ሁለት ሴት ልጆች ሱሪውን ይዘው ቆመዋል፤ ትንሿ ጣቷን ወደ መደርደሪያው ቀስራለች።

“ያ ከላይ ያለው ትንሹ ሞኒተር” አለ ሰውየው፣ “እሱም ቲቪ ይሆናል? ዋጋው እንዴት ነው?”

ክንፉ ልጆቹን አየ። ፊቱ እንደ ወትሮው ሲለሰልስ ልክነሽ ታውቀዋለች፤ አፉን ሲከፍትም አየችው።

“ተሽጧል” አለች።

ክንፉ ዞር ብሎ አያት። እሷ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሞኒተሩ ላይ ጣል አደረገች፤ ጫፉ እንዳይንጠለጠልም አስተካከለችው።

“በሳምንቱ ውስጥ ሌላ ይመጣል” አለች ለሰውየው። “ልጆቹን ይዘህ ና፤ ደህናውን እመርጥላችኋለሁ።”